ሽታ የማይገባበት ክፍል

ወሬው ከበሽታው ቀድሞ ደረሰ። ጁባ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የምንጠያየቅበት የቴሌግራም ቡድን አለ፤ በአዘቦት ቀን የሚከራይ ቤት፣ የሚሸጥ ፍሪጅ፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ለትንሽ ሽሮ የሚሆን ቦታ የሚፈለግበት ነው። በዚያ ሰሞን ግን የሚወራው ስለ ኩፍኝ ብቻ ነበር። አንዱ በጭነት ጀልባ ጁባ ወደብ የወረዱ ሰዎች ይዘውት እንደመጡ ጻፈ። ሌላው የለም፣ የሙቀቱ ነው አለ። አንድ ነጋዴ ከኮሮና ጊዜ የተረፈውን የአፍ መሸፈኛ ካርቶን ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። አንዲት እናት ደግሞ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ተረጋግታ፣ በድምፅ መልእክት፣ ይሄ ስንተኛው ማዕበል እንደሆነ ጠየቀች። ማንም አልሳቀባትም። ከኮሮና ወዲህ ሁላችንም የበሽታ ቃላት ተምረናል። ማዕበል፣ ዝርያ፣ ቫሪያንት እንላለን። ቃላቱ እንግዳ ረስቶት እንደሄደ ጃንጥላ ቤታችን ቀርተዋል፤ በዳመነ ቁጥር እናነሳቸዋለን።

እኔ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ሳልጠየቅም አስረዳለሁ። ቦዳቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ከነጂው ኋላ ተቀምጬ ስለ ፍሬንና ስለ ሰበቃ ያብራራሁበት ቀን አለ። ስለዚህ ወሬው ሲበዛ፣ የሳምንቱን ትምህርት ወደ ጎን አድርጌ ቫይረስ እንዴት እንደሚለወጥ ላስተምር ወሰንኩ። ምሳሌዬን ያገኘሁት ከምኖርበት ግቢ ነው።

ግቢያችን ሀይ ማላካል በሚባል ሰፈር ውስጥ ነው፤ በአንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ዙሪያ የተሠሩ ሦስት ቤቶች አሉት። በአንደኛው እኔ እኖራለሁ። በሁለተኛው ሀይ ጀላባ ውስጥ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያለው ያገሬ ሰው ከሚስቱ፣ ከሴት ልጁና ገና ዳዴ ከሚለው ወንድ ልጁ ጋር ይኖራል። ሦስተኛው የአከራያችን ነው፤ ሁላችንም ማማ እንላቸዋለን። ማማ ደቡብ ሱዳናዊት ናቸው፤ ያደጉት ግን ጋምቤላ ስለሆነ አማርኛቸው ከእኔ አያንስም። ሲቆጡና ሲቀልዱ ብቻ የጁባ ዓረብኛ ጣል ያደርጉበታል። ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሚላያ ይጠልፋሉ፤ ሚላያ የዚህ አገር ሴቶች በእጅ ጥልፍ የሚያስጌጡት የአልጋ ልብስ ነው።

ማማ አንድ ጊዜ ከእናታቸው አሮጌ ሚላያ ላይ ወፍ ሲገለብጡ መንቁሩ ሳያስቡት ረዘመባቸው። አንዲት ጎረቤት ያንን አይታ ገለበጠች፤ ከእሷም ሌላዋ። ገዢዎች ረጅሙን መንቁር ወደዱት፤ እነሆ ዛሬ በሰፈራችን አልጋዎች ላይ ያሉ ወፎች ሁሉ መንቁራቸው ረጅም ነው። ሌላዋ ጠላፊ ደግሞ ተሳስታ ለወፏ ሦስት እግር አውጥታለት ነበር፤ ያንን ግን የገለበጠ የለም። ቫይረስም እንዲሁ ነው አልኳቸው ለተማሪዎቼ። ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ራሱን ሲገለብጥ ይሳሳታል። አብዛኛው ስሕተት እሱኑ ይጎዳዋል። አንዳንዱ ግን ይጠቅመዋል፤ የተጠቀመውም ይበዛል። ይህን ያቀደ ማንም የለም፤ ወፉ መንቁሬን ላርዝም አላለም። ልጆቹ ወደዱት፤ ባለ ሦስት እግር ወፍ እየሣሉ ሲሳሳቁ ዋሉ። ከተማሪዎቼ አንዷ የባለሱቁ ልጅ ናት። ቤቷ ገብታ የሰማችውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ለእናቷ ነገረቻት።

ብዙም ሳይቆይ ያቺው ልጅ ዓይኗ ቀልቶ፣ እያሳላት ከትምህርት ቤት ተመለሰች። ሽፍታው ከጆሮዋ ኋላ ጀምሮ ፊቷን ሲያለብሰው እናቷ ለማንም ምንም ሳትል ቤቷን ማደራጀት ጀመረች። መስኮቱን አጨለመችው፤ በሩ ላይ ወፍራም ጨርቅ ሰቀለች። ከዚያ ወጥታ የግቢውን ሕግ ነገረችን። ኩፍኝ ሽታ አይወድም። እስኪወጣላት ድረስ ግቢው ውስጥ ሽንኩርት አይቁላላም፣ ሥጋ አይጠበስም፣ ሽቶ የተቀባ ሰው በበሩ በኩል አያልፍም። ሕጉን ከአገሯ ከእናቷ ቤት ነው ያመጣችው፤ እኔም በልጅነቴ የማውቀው ነው።

መጀመሪያ የተባረረው ባሏ ነው። ቀኑን ሙሉ በበርበሬ፣ በኮረሪማና በጥቁር አዝሙድ መካከል የሚውል ሰው ታጥቦ አይጠራም። ከቅመም ጆንያዎቹ አጠገብ ፍራሽ ዘርግቶ ሱቁ ማደር ጀመረ። አመሻሽ ላይ እየመጣ ከግቢው የቆርቆሮ በር ውጭ ይቆምና ልጁ እንዴት እንደዋለች ይጠይቃል፤ ሚስቱ ከውስጥ ትመልስለታለች። ማማ ደግሞ መሐል ገብተው፣ ይሄ ሰውዬ እንደገና ሊያጭሽ ነው መሰለኝ ይሏታል።

ልብ ብዬ ሳየው የሴትየዋ ሥርዓት ብዙው ልክ ነበር። ኩፍኝ ዓይንን ብርሃን ያስጠላዋል፤ ጨለማው ለልጅቷ እረፍት ነው። እንግዳ ካልገባ በሽታው ይዞት የሚወጣ ሰው አያገኝም። በቴሌግራሙ ላይ ሰው ሁሉ ምን እናድርግ እያለ ሲጨነቅ፣ እሷ በአንድ ጨርቅና በአንድ ሕግ ቤቷን ለይታ ዘግታለች። ግን ሕጉ አንድ ሰው አምልጦታል። ዳዴ የሚለው ልጅ ከወተት በቀር ምንም አይሸትም። ስለዚህ ሁሉም ሲወጣ እሱ ውስጥ ቀረ፤ ከምታስለው እህቱ ጋር፣ በተዘጋ መስኮት፣ በአንድ ፍራሽ።

ልጁ የኩፍኝ ክትባት አልወሰደም። በእነዚያ ቀናት ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በሰፈሩ እየዞረች ሕፃናት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በተተከለው ድንኳን እንዲከተቡ ትጠራ ነበር። ከበሽተኛ ጋር ያለ ሕፃን ቶሎ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ ከተከተበ፣ ክትባቱ በሽታውን ሊቀድመው እንደሚችል አውቃለሁ። ከዘገየ ግን አይደርስበትም። ስለዚህ ከሥራ እንደተመለስኩ በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ በር ሄድኩ። እኔም ሎሽን ስለምቀባ ከጨርቁ ማዶ ቆሜ ነው ያናገርኳት።

ኩፍኝ መርፌ አይወድም አለችኝ። መርፌው ለታመመችው ሳይሆን ላልታመመው ነው አልኳት። ሁለተኛውን ምክንያቷን አመጣች። ሴቷ ልጇ በሕፃንነቷ አገር ቤት ተከትባለች፤ ይዛ የወሰደቻት እሷ ራሷ ናት። ይኸው ግን ታመመች።

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ያስተማርሻቸው ቲቸር? መንቁሩ ረዝሟል በያ። ክትባቱ የሚያውቀው የድሮውን ወፍ ነው።»

ቁጣ አልነበረባትም። የተሰጣትን ትምህርት ወስዳ በሥርዓት አስባበታለች። መልሱ ስሕተት ቢሆንም ከተማሪዎቼ ማንም እንዲህ አድርጎ አገናኝቶ አልመለሰልኝም። ልጅቷ የወሰደችው አንዱን ክትባት ብቻ መሆኑን ጠይቄ አረጋገጥኩና፣ አንዳንድ ሰውነት በመጀመሪያው እንደማይማር፣ ሁለት ጊዜ የሚሰጠውም ለዚህ እንደሆነ ነገርኳት። ልክ እንደ ተማሪ፣ ለአንዳንዱ ደግመን እንደምናስረዳው ነው አልኩ።

«የእኔ ልጅ በአንዴ ነው የሚገባት» አለች ከጨርቁ ኋላ። «ጎበዝ ብለሽ የፈረምሽላት አንቺ ነሽ።»

ማማ በረንዳቸው ላይ ሳቃቸውን ዋጡ።

አመሻሹ ላይ ባልየው ሲመጣ የሱቁን ቁልፎች እንዲያውሰኝ ለመንኩት። በቆርቆሮው በር ሥር አሾለከልኝ። ጨርቁ ፊት ቆሜ ቁልፎቹን እያንቃጨልኩ የትምህርቱን ሁለተኛ ክፍል ጀመርኩ። ሰውነታችን ዘበኞች አሉት አልኩ። የኢንፍሉዌንዛ ጉንፋን ሸሚዙን እየቀያየረ የሚመጣ ሌባ ነው፤ ዘበኛው የሚያውቀው በሸሚዙ ስለሆነ በየጊዜው ይሸወዳል። ኩፍኝን ግን ዘበኛው የሚለየው በእጁ በያዘው ቁልፍ ነው። ኩፍኝም እንደ ሌላው ራሱን ሲገለብጥ ይሳሳታል። ግን ስሕተቱ የቁልፉን ጥርስ ካበላሸው በሩ አይከፈትለትም፤ ውጭ ይቀራል። ቁልፉን እንዳለ ይዞ ከመጣ ደግሞ ዘበኛው ያውቀዋል። ለዚህ ነው እናቶቻችን ያስከተቡን ክትባት ዛሬም የሚሠራው።

ከጨርቁ ኋላ ጠየቀችኝ።

«ቁልፍ ያጣ ሌባ በር አይሰብርም?»

ማማ አሁን ሳቃቸውን መዋጥ አልቻሉም። ባልየው ከውጭ ሆኖ፣ ስለ ሱቁ ቁልፍ እንዲህ ያለ ቁም ነገር ሲነገር ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ። እኔ ቫይረስ እጅ የለውም፣ መስበር አይችልም እያልኩ ስጀምር፣ እሷ ጨርቁን በትንሹ ገለጠች። ፊቷን ካየሁት ቆይቻለሁ፤ ዓይኗ ጎድጉዷል።

«ቁልፍሽ ገብቶኛል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔን የሚያስፈራኝ ወፉም ሌባውም አይደለም። ልጁን ይዤ ብወጣ የመንገዱን ሽታ፣ የድንኳኑን መድኃኒት ሽታ ይዤ እሷ ላይ እገባለሁ። እየነደደች ነው ቲቸር። አንዱን ላድን ብዬ አንዷን ልጣ?»

ሽታ ሰው አይገድልም የሚለው ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ ነበር። ከነምክንያቱ፣ በቅደም ተከተል ተሰናድቶ። ነገር ግን ማማ ጥልፋቸውን አስቀምጠው መጥተው አጠገቤ ቆመው ነበርና ቀደሙኝ። እሺ፣ አንቺ አትውጪ፣ ልጁ ይውጣ አሏት። እኔ ታጥቤ እቀበልሻለሁ፤ መርፌ የምትወጋውም ሴት እዚህ ትምጣ፤ እግሯን ግን ግቢያችን ውስጥ አታስገባም። ጎረቤቴ አሰበች። ማማ በምን ሳሙና እንደሚታጠቡ ጠየቀች። ሽታ በሌለው በልብስ ሳሙና አሉ። ነርሷ ከቆርቆሮው በር ውጭ እንደምትቆም ደግማ አስማለቻቸው። ከዚያ ጨርቁን መለሰችው። እሺ ማለቷ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ሳይጀመር ድንኳኑ ሄድኩ። ረጅም ሰልፍ ነበር። ከልጁ ይልቅ የምታለቅስ እናት አየሁ፤ የሰው ልጅ እንዳይነካት ልጇን በነጠላ የጠቀለለች አየሁ፤ አንድ አባት ደግሞ ልጆቹን አሰልፎ ራሱ በአፍ መሸፈኛ ላይ ሌላ የአፍ መሸፈኛ ደርቦ ቆሟል። ነርሷ ወጣት ደቡብ ሱዳናዊት ነበረች። በእንግሊዝኛና በተሰባበረው የጁባ ዓረብኛዬ፣ ለምን እስከ ቤታችን መምጣት እንዳለባት፣ መጥታም ለምን እንደማትገባ አስረዳኋት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ፣ በእናቷም ቤት ሀስባ ሲገባ የሚከለከለው ነገር ብዙ እንደነበር ነገረችኝ። ሀስባ ኩፍኝን የሚጠሩበት ስም ነው። ሰልፉ ሲቀንስ እመጣለሁ አለች፤ ለታመመችዋም በአፍ የሚሰጥ የቫይታሚን ጠብታ ትይዛለች።

«መርፌ እንዳልሆነ ንገሪያት» አለችኝ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

ከሰዓት በኋላ መጣች፤ ቀዝቃዛ ሳጥኗን በትከሻዋ አንግባ። ባልየው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይቶ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ልጁ ከጨርቁ ኋላ ወጥቶ በማማ እጅ ገባ፤ ማማም እስከ ግቢው በር ይዘውት ሄዱ። ነርሷ ሳጥኗን ከመክፈቷ በፊት እጇን በሳኒታይዘር ደህና አድርጋ አሸች። ሽታው እኔ ድረስ መጣ። የልጁን ክንድ ያዘች፣ ወጋችው፣ ልጁ አለቀሰ፤ ከቤቱ ውስጥ የእናቱ «ቢስሚላህ» ተሰማ። ሁሉም ነገር በአጭር ጊዜ አለቀ። ማማ ልጁን አባብለው ወደ ቤቱ ሲያመሩ ጨርቁ ተንቀሳቀሰ።

«ማማ፣ ይቆዩ። ሸቷል።»

ባለንበት ቆምን። ልጁ ክንዱም ልብሱም ሳኒታይዘር ይሸታል። በራሷ ሕግ እንዲህ የሸተተ ሰው ወደ ታመመችው ልጅ ክፍል አይገባም፤ አባትየው አልገባም፣ እኔም አልገባሁም። እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ ልጁ ከእህቱ እንዲለይ እንዴት እንደምነግራት ሳሰላስል ነበር። አሁን ፍርዱን ራሷ ፈረደች። ማማ አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። በሕይወቴ ለማስረዳት እንዲህ ተመኝቼ እንዲህ ዝም ብዬ አላውቅም።

«ኸላስ፣ በቃ» አሉ ማማ። «እስኪለቀው እኔ ጋ ይቆያል።»

እናቱ ልብሷን እየቀየረች በማማ በረንዳ ላይ ጡት ታጠባዋለች፤ ለመግባት ግን አልተፈቀደለትም። በማግስቱ ልጁን አጥበው ሲጨርሱ ማማ አንገቱን አሽተው፣ ሽታው አሁንም አለ አሉ። ለእኔ ሰጡኝ። አሸተትኩት፤ ወተት ወተት ብቻ ነው የሚለው። አዎ፣ ትንሽ አለ አልኩ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ጎረቤቴ ልጇን እያጠባች ሁለታችንንም በተራ አየችን።

«አፍንጫችሁ ግን ጥሩ ነው» አለች። ልጁንም ይዛው አልገባችም።

ሴቷ ልጅ ጠብታውን ወሰደች፤ ትኩሳቷም ቀስ በቀስ ለቀቃት። ሽፍታዋ ጠቁሮ መላጥ ሲጀምር፣ ውጭ ያለው ወንድሟ አተኮሰው። ማማ ልብሱን ገልጠው ሆዱን አሳዩን፤ ጥቂት ቀያይ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። እናቱ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያልኩሽ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ክትባቱ የማያውቀው ወፍ ነው ብትለኝ ምን እንደምመልስላት እያሰብኩ ነበር። አላለችም። እግሩን በመዳፏ ይዛ፣ በመጀመሪያው ቀን ባስወጣው ኖሮ አለች።

ነርሷን ጠራናት። ልጁን አገላብጣ አየችው፣ ደረቱን አዳመጠች። ከመከተቡ በፊት ይዞት ኖሮ ይሆናል፤ ክትባቱ ባይቀድመውም አንዳንድ ጊዜ አቅሙን ይቀንሰዋል አለች። ወይም ደግሞ ሽፍታው ከክትባቱ ራሱ የመጣ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ አተነፋፈሱን ጠብቁ፣ ጡት እምቢ ካለ ጥሩኝ። ጠበቅነው። ጡት እምቢ አላለም። የማማን የክር ኳስ እያሳደደ በረንዳውን ከዳር ዳር ዳዴ ማለቱንም አላቆመም። ትኩሳቱ ቶሎ ወረደ፤ ነጠብጣቦቹም ሳይበዙ ጠፉ።

ያዳነው ክትባቱ ይሁን፣ ከእህቱ መለየቱ ይሁን፣ ወይስ የራሱ ጤና ነው፣ አላውቅም። ከአንድ ልጅ ተነስቶ ይህን መለየት አይቻልም፤ ለተማሪዎቼም የምለው ይህንኑ ነው። ማማ በረንዳዬ ነው ያዳነው ይላሉ። አባትየው አልሐምዱሊላህ ብሎ ያልፈዋል። እናቱ ስለዚህ ነገር ከእኔ ጋር ተከራክራ አታውቅም።

ልጆቹ ደህና ከሆኑ በኋላ እሷ አንዳንድ ቀን ሱቅ መዋል ጀምራለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቅመም ልገዛ ሀይ ጀላባ ሄድኩ። ሕፃን በጀርባዋ ያዘለች ያገራችን ልጅ ኮረሪማ እያስመዘነች ነበር። በቴሌግራሙ ላይ የሰማችውን ለጎረቤቴ ታወራላታለች፤ የዘንድሮው ኩፍኝ እንደ ድሮው አይደለም፣ ተለውጧል፣ ክትባቱ አይዘውም ይባላል፤ ስለዚህ ልጄን ትንሽ ጠብቄ ነው ለክትባት የምወስደው ብላ ወስናለች። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። ጎረቤቴ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳታነሳ ቀደመችኝ።

«ተለወጠ አልተለወጠ ቲቸር ትንገርሽ፤ እሷ መዓት ምሳሌ አላት። እኔ የማውቀው መዘግየቴን ነው። በሽታው ቤትሽ ከገባ በኋላ መሮጥ ከባድ ነው። ደህና ሳለ ውሰጂው፣ እቴ።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። ሕፃኑ በትከሻዋ ላይ አገጩን አስደግፎ ያየኛል።

«ሀይ ማላካል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ነው ድንኳኑ» አልኳት። «እስከ ቀትር ይኖራሉ። አሁን ከሄድሽ ሰልፉ አጭር ነው።»

ኮረሪማውን አየች፣ መንገዱን አየች። ኮረሪማውን ስመለስ እወስደዋለሁ ብላ የሕፃኑን ማዘያ አጥብቃ ወጣች። ጎረቤቴም ፌስታሉን ቋጥራ ከሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠችላት።